የምሥራች እንደ መርዶ

ለውድ ወንድሜ ለኤልሳዕ፣

የጌታ ሰላም ባለህበት ይብዛልህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የጀርመን ብርድ ያመጣብህ ሳል ለቀቀህ? ምሳህን በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ አሁንም ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠህ ደረቅ ዳቦ እየገመጥህ ነው? እኔ፣ ባሌ ያሬድ፣ ትንሹ ልጄ ሳሚና እናታችን ደኅና ነን። ስለ ልጄ ስለ ኢየሩሳሌም ግን "ደኅና ናት" ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ብዕር ያስያዘኝም የእሷ ነገር ነው። በስልክ እንዳልጽፍልህ ስልኬን ከእኔ ይበልጥ የምትነካካው እሷ ናት፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወደዚያ ለሚመለስ ሰው እሰጥልሃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደውለንልህ ሁላችንም ስናለቅስ ሰምተህ ብትጨነቅ፣ "ናፍቀኸን ነው" ብዬ ስልኩን ዘጋሁብህ። የሆነው ሌላ ነው።

የምራቋ የዘረ መል ምርመራ ውጤት ከደረሰን ወዲህ ኑሯችን ተለውጧል። በቪዲዮ እጆችህን እያሳየህ ያስረዳኸኝን አልረሳሁም። ካልሞዱሊን የሚባለው ፕሮቲን በሰው ሁሉ አካል ውስጥ አለ፤ ሁለት ጫፍና መሐሉ ላይ የሚተጣጠፍ ቀጭን ወገብ አለው፤ በየጫፉ ሁለት ሁለት፣ ካልሲየም የሚይዙ ትንንሽ እጆች አሉት። ካልሲየሙን ሲይዝ ጫፎቹ ይከፈቱና የሚፈልገውን ነገር ከሁለት ወገን እቅፍ ያደርጋሉ፤ ሲለቅ መልሶ ይዘረጋል። ልብም ምቷን እንድትጠብቅ የሚያግዛት እሱ ነው ብለኸኛል። እናታችን ከእንሰቱ ቡላ ስትጨምቅ መዳፏ እንደሚከፈትና እንደሚገጥም አድርጌ ነው በልቤ የያዝኩት። የኢየሩሳሌም ግን ከአራቱ አንዱ እጅ በደንብ አይጨብጥም፤ ስትሮጥ ወይም ስትደነግጥ የልቧ ምት የሚዛባውና ራሷን የምትስተው ለዚህ ነው አልከኝ።

መጀመሪያ ካልሲየም ሲባል ሰምቼ ወተትና የአጥንት መረቅ ስግታት መክረሜን ታውቃለህ። ጉድለቱ ከካልሲየሙ ሳይሆን ከያዡ ነው ብለህ እስክትስቅብኝ ድረስ ልጄ ኩባያ ባየች ቁጥር ትሸሸኝ ነበር።

ኦቶና ሆስፒታል የሚያያት ሐኪም ክኒኗን ሳታቋርጥ እንድትውጥ፣ እንዳትሮጥ፣ በድንገት እንዳትደነግጥ አዘዘን። ሩጫውን ከለከልናት። ድንጋጤን ግን በምን ይከለክሉታል? ደስታም ያስደነግጣል ብለን ፈራን። በር ቀስ ብለን እንከፍታለን፣ የሳሚን ፊኛዎች ደብቄያለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን መዘምራኑ ሲዘሉ እሷ ተቀምጣ ታጨበጭባለች። ደስ የሚል ወሬ ከመጣም እየቆነጠርን ነው የምንነግራት።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲመጣ ያሬድ ከርዕሰ መምህሩ ቀድሞ ሰማ። ከትምህርት ቤቷ አንደኛ ወጥታለች። እንዳታውቅበት ፊቱን አጨፍግጎ ቤት ገባ። እንዴት እንንገራት ስንባባል የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ቦልቴ ለእኔ ተዉት አሉ፤ ስንቱን ከባድ ወሬ ሰው ሳይወድቅብኝ ነግሬያለሁ አሉን። እውነታቸውን ነው፤ በሰፈራችን መርዶ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። በነጋታው ጎህ ሲቀድ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ዝም ብለው ተቀመጡ። ጸለዩ። ከዚያ "ልጄ፣ ሁላችንም በጌታ እጅ ነን፤ ልብሽን አጽኚ" ብለው ጀመሩ። ሌላ አጀማመር አያውቁማ። እኔ ደግሞ አጠገባቸው ቆሜ የደስታ እንባዬ ይወርዳል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነው ነገሩ። ልጅቷ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች፣ "አጎቴ ነው?" አለች። ተነሥታ ወደ በሩ ሮጠችና ደፉ ላይ ወደቀች።

ኤልሳዕ፣ ያኔ የሆንኩትን አልጽፍልህም። ያሬድ ሐኪሙ እንዳሳየው ደረቷን ሊጫን ሲንበረከክ ትንፋሿ ተመለሰ። ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ መድኃኒቷን ጨምረውላት፣ እዚያው አድራ ወጣች። አንተ በሕይወት መኖርህን ግን አላመነችንም። ከአልጋዋ ሆና ደጋግማ ደወለችልህ፣ አታነሣም። ያነሣህ ጊዜ ነው ያን ለቅሶ የሰማኸው። የፈተናውን ውጤት ከዚያ በኋላ ስንነግራት "እሺ" ብቻ አለች። አቶ ቦልቴ ሊጠይቋት መጥተው የሚገቡበት ቢጠፋቸው፣ "አባባ፣ ሌላ ጊዜ ከሩቁ እየሳቁ ይምጡ" አለቻቸው።

ለእኔ ግን አልቀለደችም። ክፉውን እንደ ክፉ፣ ደጉን እንደ ደግ ንገሩኝ፤ አለዚያ ሰው በራችንን ባንኳኳ ቁጥር ልሞት ነው አለችኝ። ቃል ገባሁላት። ቃሌን እንዴት እንደምጠብቅ ግን ጭንቅ ይዞኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ያንን ፕሮቲን በኮምፒውተርህ ሲከፈትና ሲገጥም ስታየው ትውላለህ። ያ ደካማ እጅ ጨርሶ አይይዝም ወይስ እየዘገየም ቢሆን ይይዛል? ሦስቱ አያግዙትም? እንዳታባብለኝ፤ እኔም እንደ ልጄ በቀጥታ ይነገረኝ።

ደግሞም ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ በዓል ሳትናገር መጥተህ በር ላይ ልታስደንቃት ማሰብህን ያሬድ ነግሮኛል። በእናታችን ይዤሃለሁ፣ እንዳታደርገው። ከአዲስ አበባ ስትነሣ ደውል፣ ቦዲቲ ስትደርስ ደውል፣ ከአጥሩ ውጭ ሆነህም ስሟን ጥራ።

እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እንሰቱ ሥር ተቀምጣ ታነብ ነበር። የእጇን አንጓ ያዝኩና ድምፄን ሳልቀንስ "አጎትሽ ለጊፋታ ይመጣል" አልኳት። ብድግ አለች፣ እልል አለች፣ በአንድ እጇ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ጣቴ ሥር ያለውን የልቧን ትርታ እያዳመጥኩ ነበር። ተጣደፈ፣ ተጣደፈ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ። እጇን ግን ቶሎ አለቀቅኩም።

እናታችን በጸሎቷ አልተለየችህም፤ ጉልበቷን ቢያማትም ለበዓሉ ቅቤ ማጠራቀም ጀምራለች። ያሬድ እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሃል። ሳሚ ፊኛዎቼን አስመልስልኝ ይላል። አቶ ቦልቴም እየሳቁ ሰላም ብለውሃል። ኢየሩሳሌም የራሷን ሰላምታ በስልክ ልታደርስህ ነው፤ ስጮህበት እንዳይደነግጥ ቀስ ብለሽ ንገሪልኝ ብላኛለች።

እህትህ አስናቀች
ወላይታ ሶዶ
ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.