ፕላኑ ላይ ያልነበረው በር

አዮ፣

እናቴ፣ ከተለየሽን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባባ እንደ ድሮው ስንዴውን ይነግዳል። እህቴ ሐዋ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አንዱ በቅሏል። እኔ ትምህርቴን ስድስተኛ ላይ እንዳቆምኩ ነኝ፤ ጽሑፌ ቢያጥር አትቆጪኝም። ቤት ደብዳቤ ሲመጣ የማነብልሽ እኔ ስለነበርኩ ይህንንም እየጻፍኩ በልቤ አነብልሻለሁ።

አሁንም እዚያው ሮቤ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ኪራይ ቤት ነን። ግን ልንለቅ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለአባባ ቦታ ሰጠው። ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ በስተቀኝ፣ የስንዴው ማሳ የሚጀምርበት ጋ ነው። ነፋስ አለው። ጠዋት ጉም ሲተኛበት አጥሩ እንኳ አይታይም። አንቺ ብታይው መጀመሪያ «ይበርዳል» ትይ ነበር፤ ቀጥለሽ ጎመን የምትተክይበትን ጥግ ትመርጪ ነበር።

ፕላኑን ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ፕላን የሚሠራ ሰው ሳለልን። አባባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አራቱን ጫፍ የስንዴ ናሙና በያዙ ጣሳዎች አስያዘው። ፎቅ የለውም፣ ሁሉም ምድር ላይ ነው። ሳሎኑ ከሁሉ ይተልቃል። ከሳሎኑ ኋላ ሦስት መኝታ ቤት ተደርድሯል። አንዱ የአባባ ነው፣ አንዱ የእኔና የሐዋ፣ አንዱ የእንግዳ። ማዕድ ቤቱና ሽንት ቤቱ ለብቻቸው ጓሮ ናቸው። ድርብ መስመር ግድግዳ ነው፣ የጨረቃ ግማሽ የሚመስለው ደግሞ በር ነው ብሎ አባባ አሳየን። የዋናውን ቤት በሮች ቆጠርኩ። አራት ናቸው። ሦስቱ መኝታ ቤቶች ወደ ሳሎን ይከፈታሉ፣ ሳሎኑ ወደ ውጪ። ወደ ጓሮ የሚከፈት የለም።

እንደገና ቆጠርኩ። የለም።

የአሁኑም ቤታችን እንደዚያው እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጓዳውን ከሳሎኑ የሚለየው መጋረጃ ነው። ሽንት ቤት ለመሄድ በሳሎኑ ወጥቶ ቤቱን መዞር ነው። ሳሎኑ ደግሞ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከደሎ መና ቡናና ማር ይዘው የሚመጡት ነጋዴዎች ከአውቶብስ ሲወርዱ ሆቴል አይጠይቁም፣ የሁሴንን ቤት ነው የሚጠይቁት። አባባ በዚህ ይኮራል።

ከታመምሽ በኋላ አንቺ ከመጋረጃው ጀርባ ትተኛለሽ፣ እነሱ ከመጋረጃው ወዲያ ይጫወታሉ። ሽንት ቤት ለመሄድ እኔን መደገፍ ነበረብሽ። ተደግፈሽ በወንዶች መሀል ማለፍ ግን አልሆንልሽ አለ። ስለዚህ ትጠብቂያለሽ። አንዳንድ ቀን ከቀትሩ የዙሁር ሶላት እስከ አስር ሶላት ድረስ። እንግዳ እንደሚመጣ ከሰማሽ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አትጠጪም ነበር። የጎባው ሐኪም ብዙ ውሃ ጠጪ ብሎሽ ነበር። አባባ በእጁ ቀድቶ የሚሰጥሽን ብርጭቆ ከአልጋው ሥር ታስቀምጪና እሱ ሲወጣ ለእኔ ትሰጪኛለሽ፤ እኔ እደፋዋለሁ። የገደለሽ ይህ ነው አልልም። የሞትን ቀን፣ አጀልን፣ የሚያውቀው አላህ ነው። ግን ደፍቼዋለሁ።

ለአባትሽ እንዳትነግሪ ብለሽ አስማልሽኝ። ከሰማ እንግዶቹን ይመልሳል፣ እንግዳ የማይገባበት ቤት ደግሞ ለእሱ ቤት አይደለም አልሽኝ። ማልኩ።

ፕላኑ ከተዘረጋ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ሰሃን ሳነሳ ልናገር እልና ሰሃኑን ይዤ እወጣለሁ። የጓሮ በር ይኑረን ብል አባባ ለምን ይለኛል። ለምን ካለኝ አንቺን ሳላነሳ የምመልሰው አልነበረኝም። እኔ እንደሆንኩ ያለ ምክንያትም መናገር አይሆንልኝም፤ ታውቂኛለሽ።

ከዚያ መሠረቱ የሚለካበት ቀን ደረሰ። ግንበኛው ጋሽ ደሳለኝ ይባላሉ፣ ከሆሳዕና የመጡ ክርስቲያን ናቸው። ችካል ተክለው ሲባጎ እየወጠሩ ቤቱን መሬት ላይ አወጡት። በሮቹ ጋ ሲባጎውን ክፍት ተዉት። የአባባ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ከድር፣ ሽንት ቤቱ ላይ ቆሞ ይከራከር ነበር።

«ፊቱ ወደምንሰግድበት፣ ወደ ቂብላ፣ እንዳይሆን ብያለሁ!»

«ቂብላ በየት ነው?» አሉ ጋሽ ደሳለኝ።

«በሰሜን።»

«ትናንት ወደዚያ አልነበር ያሳየኸኝ?»

«ትናንት ጉም ነበር!»

ሽንት ቤቱ ወዴት ይዙር በሚለው ላይ ረፋዱን ጨረሱት። ጥሩ ነው፣ የሚገባ ነው። በየት እንደሚኬድበት ግን ማንም አልጠየቀም።

እኔ ሻይ በፔርሙዝና ዳቦ ይዤ በጠዋት ደርሼ ነበር። ዕቃውን ያስቀመጥኩት የእኛ መኝታ ቤት በሚሆነው ውስጥ ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ ብርጭቆ ሳጥብ ሁለት የደሎ መና ነጋዴዎች መጡ። ሰላምታው አለቀና ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ለመሠረት በመጣው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሻዩን በሩ ጋ አቀበልኩ፣ ሐዋ አደረሰችላቸው። እሷ በሲባጎው ላይ እንደ ፍየል ግልገል ትዘላለች። ለእሷ ግድግዳ የለም።

ውሃው አለቀብኝ። ጄሪካኑ አጥሩ ጋ ነበር። ተነሳሁ። በፊቴ ሳሎኑ አለ፣ ሳሎኑ ውስጥ ወንዶቹ። በሌላ በኩል ሁሉ ሲባጎ። ቆምኩ። ሆን ብዬ አይደለም፣ አዮ። እግሬ አልሄደም።

ጋሽ ደሳለኝ የኋላውን መስመር ሊያጠብቁ መጥተው «ልጄ፣ ከዚያ ውጪልኝማ» አሉኝ።

«በየት ልውጣ?» አልኳቸው።

«በየት? ሲባጎ እኮ ነው! ተሻገሪው!»

«ግድግዳ ነው።»

 ሳሎኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁ። አጎቴ ከድር «ያ ረቢ፣ ልጅቷ ታሰረች!» አለ። «አንቺ ዘሃራ፣ ባል ቤት ስትገቢ በጣራ ልትወጪ ነው?» የደሎ መናዎቹን ሻዩ ትን አላቸው። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ።

አባባ አልሳቀም። «በሳሎኑ ለምን አትወጪም?» አለኝ።

«ሰው አለ።»

«እኛ እኮ ነን።»

«ሁልጊዜ ሰው አለ፣ አባባ።»

ዞሮ ቤቱን አየው። ሲባጎውን አንድ በአንድ፣ ከመኝታ ቤቱ እስከ ጓሮው። ከዚያ ቀስ ብሎ «እናትሽስ በየት ትወጣ ነበር?» አለኝ።

መሐላው ትዝ አለኝ። አንቺንም አየሁሽ። «አላውቅም» አልኩት። «እኔ ስለማፍር ነው። ለእኔ ነው።»

አጎቴ ከድር ተቃወመ። የጓሮ በር ሌባ ይጠራል አለ፤ ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ነፋስ ቀጥታ ይገባል አለ፤ ማኅተም ያረፈበት ፕላን ለአንድ ዓይናፋር ልጅ ተብሎ አይነካም አለ። ጋሽ ደሳለኝ ግን መሠረት ሳይቆፈር ከሆነ ቀላል ነው አሉ። ከሦስቱም፣ ይበልጥ ግን ከእኔና ከሐዋ ክፍል፣ ተቆርጦ በመኝታ ቤቶቹ ጀርባ ጠባብ መተላለፊያ ይሆናል፣ ሦስቱም ክፍሎች ወደ እሱ ይከፈታሉ፣ በመጨረሻው ላይ የጓሮ በር። የእኛ ክፍል ከአልጋ ሌላ ብዙ አይዝም። ይሁን አልኩ። አባባ «ፕላኑን ነገ ማዘጋጃ ቤት ወስጄ አስተካክለዋለሁ» አለና ወንድሙን ዝም አሰኘው።

ጋሽ ደሳለኝ ችካሉን ነቅለው ወደ ውስጥ እየተከሉ «ለበሩ ስፋት ሰባ ሳንቲ ሜትር ይበቃል፣ ለዚህች ቀጭን ልጅ» አሉ። አባባ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ማሳው ያይ ነበር።

«አይበቃም» አለ። «ሁለት ሰው ተደጋግፎ የሚወጣበት ይሁን።»

ማንም ለምን አላለም። ጋሽ ደሳለኝ ሜትራቸውን ዘርግተው አሰፉት። እኔ መሬት መሬት አየሁ። 

አዮ፣ እኔ አልነገርኩትም። ወላሂ አንድ ቃል አልወጣኝም። ይህን ልነግርሽ ነው የጻፍኩት።

አሁን ግድግዳው ቆሟል፣ ጭቃው እየደረቀ ነው። የበሩ ክፈፍ ገብቷል። እንግዶቹ ሲመጡ አባባ ወስዶ ያሳያቸዋል፤ «ይቺ ዓይናፋር ልጄ ያስከፈተችኝ በር ነው» ይላል፣ እነሱም ይስቃሉ። እኔ ሻይ ይዤ ስደርስ እሰማለሁ። ስለ አንቺ ጠይቆኝ አያውቅም። ቢጠይቀኝም መልሴ ያው ነው። ግን ጁምዓ ጁምዓ ከመስጊድ ወደ መቃብርሽ ይሄዳል።

ረመዳን ሳይገባ እንገባበታለን። ክፍላችን ጠባብ ነው፣ ግን ከአልጋዬ ተነስቼ የማንንም ፊት ሳላይ እወጣለሁ። ያኔ ስንወጣ ስንገባ ግራ ክንዴን ነበር የምትይዢው፤ እንዴት አጥብቀሽ ትይዢኝ እንደነበር እስክሞት አልረሳውም።

ልጅሽ ዘሃራ