አባዬን በፈጣኑ በር የሸኘሁ ቀን

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አባዬን ስታነሺ ስታስቀምጪ አሁንም ያስጮኽሻል? እኛ ደህና ነን። ልጆቹ አድገው መላ አሳጥተውኛል፤ ባለቤቴም አጥብቃ ሰላም ብላሻለች።

ባለፈው ከአባዬ ጋር በስልክ ስታገናኚኝ መስመሩ ተቋረጠ ያልኩሽ ውሸት ነው። እኔው ነኝ የዘጋሁት። «አባዬ፣ እኔ ነኝ» ስለው በዚያ በትህትናው «ማን ልበል?» አለኝ። ስሜን ነገርኩት። «ይቅርታ ጌታዬ፣ አላወቅኩዎትም» አለ። አንቱ አለኝ እኮ፣ እታለም! እኔን!

እስቲ አስቢው፣ ሥራዬ ምንድን ነው? አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ የመንገደኛን ፊት ከመታወቂያው ጋር ማስተያየት። የስንቱን ማንነት አረጋግጬ አሳልፋለሁ፤ የራሴን ለገዛ አባቴ ማስረዳት አቃተኝ።

ከዚያ ወዲህ አንቺ ጋ ሊኖር የመጣበት ቀን እያንገበገበኝ ነው። ፈጣኑን መስመር ታውቂዋለሽ፤ አስቀድመው ተመዝግበው፣ አሻራ ሰጥተው የተጣሩ ሰዎች ጫማ ሳያወልቁ፣ ቀበቶ ሳይፈቱ የሚያልፉበት። ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። እሱ ግን ከሰው ጋር ልሰለፍ ብሎ ሙጭጭ አለ። በተራው መስመር ሸኚ ከገመዱ ውጪ ሆኖ እስከ መፈተሻው ድረስ አብሮ ይሄዳል። በፈጣኑ ግን ሸኚ በሩ ላይ ይቀራል፤ እኛ ሠራተኞቹም ብንሆን የገዛ ቤተሰባችንን ማስተናገድ አይፈቀድልንም። «ምን ያስቸኩልሃል? እዚያ ቆመን ትንሽ ብንጫወት ምናለ?» አለኝ። እኔ ጉረኛው! የእኔ አባት ጫማውን አንጠልጥሎ በካልሲ ሲሄድ ባልደረቦቼ ሊያዩት? ሞቼ ልገኝ አልኩ። እጁን ይዤ ጎትቼ ወሰድኩት።

ተረኛዋ ጓደኛዬ መታወቂያውን አየች፣ ካሜራው ፊቱን አየ፣ አለቀ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ሰዓቴን አያለሁ። «አየህ አይደል?» ልለው ቀና ስል ከበሩ መስታወት ማዶ ነው። ዞር ብሎ አንድ ነገር አለኝ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ድምፁ አልተሰማኝም። ደገመው። ከኋላው የመጣ ሰው ገፋ ሲያደርገው ሄደ። እኔም ምን እንዳለ ሳላውቅ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ እጄን አወዛወዝኩለት። ሲደርስ ደውዬ እጠይቀዋለሁ ብዬ፣ በሥራ ተወጥሬ ረሳሁት።

ያን ቀን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስንሄድ መኪና ውስጥ «እህትህ ማን ነበር ስሟ?» ብሎኝ ነበር። የሚቀልድ መስሎኝ እንዴት እንደሳቅሁ ብታዪ! እሱ ግን አልሳቀም።

ከመስታወቱ ማዶ ምን ብሎኝ እንደነበር ጠይቂልኝ ልልሽ አስቤ ነበር፤ ግን ምን ብለሽ ትጠይቂዋለሽ? ተይው።

ፈቃድ ሰጥተውኛል፤ በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስገባ «ልጅህ እኮ ነው፣ ረሳኸው እንዴ?» እያልሽ አታስጨንቂው። ሲያፍር ማየት አልችልም። እንግዳ ነው በይው። አባዬ እንደሆነ እንግዳ ሲያጫውት አይደክመውም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።

እስከዚያው ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ሁለታችሁንም በደህና ያቆይልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ