የፍልሰታው አይብ

ሰኞ፣ ኦገስት 9፣ 2021

ስንፍና አይደለም። አይደለም አልኩ! እሳት ያልነካው ነገር ምግብ አይባልም ያለው ማነው? ሙዝ ቀቅለሽ ነው እንዴ የምትበይው እማዬ?

ይሄን ፊት ለፊቷ ማለት ነበረብኝ። በሩን ብቻ አላጋሁት። አሁን ደብተር ላይ እጮሃለሁ።

ቅዳሜ ለሩፊ ድግስ አለ። ታናሼ ሩፋኤል ቺካጎ ኮሌጅ ሊገባ ነው። አባዬ ትራክ እየነዳ መንገድ ላይ ነው፣ እሁድ ማታ ነው የሚገባው። እማዬ ዶሮውን፣ ክትፎውን፣ ቅቅሉን ሁሉንም ራሷ ትሠራለች። እኔስ?

"አንቺ ምድጃው ጋ አትድረሺብኝ። ባለፈው ቁሌቱን አሳርረሽ ፋየር አላርሙ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጥቷል።"

እሺ። ያለ እሳት የሚሠራ እሠራለሁ አልኳት። ቺዝ ቦርድ። አይብና ፍራፍሬ መክተፊያ ላይ አሳምሮ መደርደር ነው፣ በቃ። ሞርስ ሮድ ያለ ግሮሰሪ፣ ዴሊው ጋ ቆሜ ዓመት ሙሉ አይብ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይሄን አውቃለሁ። ምናልባት ይሄን ብቻ...

"ለእንግዳ ጥሬ ፍራፍሬ? ሰው ምን ይለኛል?"

ሰው ምን ይለኛል። ትምህርት ያቆምኩ ቀንም ያለችው ይሄንኑ ነው።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 10

እትዬ ሙሉወርቅ ትመጣለች!! እማዬ ራሷ ኮል አድርጋ ጠራቻት። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

እትዬ የአባዬ ታላቅ እህት ናት። ዲቪ ደርሶን ስንመጣ ብሌንደን የሚባለው ሰፈር፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንቷ ውስጥ አራታችንንም አምስት ወር ያስቀመጠችን እሷ ናት። እኔ እሷ አልጋ ላይ፣ በግድግዳው በኩል ነበር የምተኛው።

ቤታችን ከረገጠች ዓመት ሊሞላት ነው። ከእማዬ ጋር የተጣሉትም በእኔ። አምና በዙም መማር አንገሸገሸኝና ላፕቶፑን ዘግቼ በዚያው ቀረሁ። እትዬ ኦርቶዶክስ ናት፣ እማዬ ጴንጤ። "አንቺ ቸርች ለቸርች ስትዞሪ ልጅቷ ከእጅሽ ወጣች" አለቻት። እማዬ ደግሞ "በልጄም በእምነቴም አይግቡብኝ!"

በቃ። ያ ነው የመጨረሻው።

ሩፊ "እትዬ ሳትመርቀኝ አልሄድም" ብሏል። በአማርኛ! ሩፊ በአማርኛ ከተናገረ ነገሩ የምር ነው።

ረቡዕ፣ ኦገስት 11

ቪዲዮ ላይ የማየው ቦርድ ሁሉ የአሳማ ሥጋ አለበት። ዘለልኩት። ቸርቹ ቢፈቅድ እንኳ እማዬ አትፈቅድም።

ሐሙስ፣ ኦገስት 12

ኑረዲን አበሸቀኝ። እኛ ግሮሰሪ ካሸር ነው፣ የአዲስ አበባ ልጅ።

"ይሄ ሁሉ አይብ ለማን ነው ናና?"

"የቤተሰብ ድግስ አለን። ቅዳሜ።"

"ቅዳሜ? ፍልሰታ አይደል እንዴ?"

"አንተ ሙስሊም አይደለህ? በፍልሰታ ምን አገባህ?"

"ጎረቤቶቻችን ሲጾሙ ሽሯቸውን አብረን በልተን ነው ያደግነው። አክስትሽ ትመጣለች አላልሽም? እሷ..."

"ስካን አድርግ አንተ! ሰው ተሰልፏል!"

ከኋላዬ አንድም ሰው አልነበረም።

አውቶቡሱ ላይ ነው የገባኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ አይብ የለ። እኛ ቤት ጾም ከቀረ ስንት ጊዜው... ለእማዬ ልነግራት ነበር። እግዜር ያያል፣ ልነግራት ነበር! በሩ ላይ ፌስታሉን ከፍታ ብሪ የሚባለውን አይብ አወጣችው።

"ይሄ ሻግቷል! ሂጂ መልሺ!"

"እማዬ፣ ብሪ እኮ ነው፣ ነጩ ሽፋን የራሱ ነው፣ ይበላል..."

"ሻጋታ ልታበይኝ ነው? ተምረሽ ቢሆን ኖሮ..."

ተምረሽ ቢሆን ኖሮ! ለአይብ!

ስለ ጾሙ አልነገርኳትም። ሁሉን አዋቂ አይደለች? ራሷ ትወቀው።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 14

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። የእማዬን ትልቁን መክተፊያ አጠብኩ። ብሪውን መሃል። ቢጫውን አይብ፣ ቼዳሩን፣ ዙሪያውን። ወይኑን ከነዘለላው ብሪው ላይ አስተኛሁት። በለስ ለሁለት ለሁለት፣ ኮክ በስሱ፣ እንጆሪ፣ ቴምር፣ ለውዝ። ሩፊ "ዮ ናና፣ ዚስ ኢዝ ክሬዚ" አለ። እማዬ ቆማ አየችው። ከዚያ ክትፎውን ገፋ አድርጋ መሃል ላይ ቦታ ሰጠችው።

ማንም አልነካውም! ሁሉም ፎቶ እያነሳው ወደ ዶሮው። ዳቦ ቢሆን ታላቅ ሰው ባርኮ ይቆርሰዋል። ይሄን ማን ይጀምረው?

እትዬ መጣች። ነጠላ፣ ማስክ። ጉንጬን ያዘችው፣ "ክስት አልሽ።" ላለቅስ ነበር። ከዚያ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ዶሮ። ክትፎ። ቅቅል። የድንች ሰላጣው እንኳ በማዮኔዝ። ማስኩን አገጯ ላይ ዝቅ አደረገችና ወደ እኔ ቦርድ መጣች። እጇን ወደ ወይኑ ዘረጋች...

"ይሄ ነጩ ምንድነው ልጄ?"

"አይብ ነው፣ እትዬ።"

እጇ አየር ላይ ቆመ። ተመለሰ።

እማዬ ያኔ ገባት። ፊቷ አመድ መሰለ። "ውይ! እትዬ ሙሉ... ወይኑን ብቻ ይውሰዱ፣ አሁን አጥብልዎታለሁ..."

"ሂሩት።" እትዬ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ሃይማኖት ቀየርሽ፣ ዝም አልኩ። ካላንደርም ቀየርሽ? ዓመት ሙሉ ሳትጠሪኝ ከርመሽ በፍልሰታ ጠርተሽ አይብ?"

ማስኩን ወደ ላይ ሳበችው። ሩፊ ከጓሮ ከጓደኞቹ መሃል እስኪገባ መኪናዋ ወጥቷል። ሳትመርቀው።

እማዬ ወጥ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብላ "ረሳሁት... በጌታ ስም ረሳሁት" ትላለች። እውነቷን ነው፣ ረስታለች።

እኔ ግን አልረሳሁም። ተነግሮኛል። ሐሙስ!

አይቡን በሙሉ ቆሻሻ ውስጥ ደፋሁት። ኑረዲንን ልሳደብ? እማዬን? ማን ቀረኝ?

እሁድ፣ ኦገስት 15

ጠዋት ነገርኳት። ቸርች ልትሄድ ቦርሳዋን አንግታ ነበር።

"ፍልሰታ እንደሆነ አውቄ ነበር። አንቺ ላይ ተናድጄ ዝም አልኩ።"

ጥፊ ጠበቅሁ። "ተምረሽ ቢሆን" ጠበቅሁ። መልስም አዘጋጅቼ ነበር፣ ሦስት መልስ! ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

"እኔስ? ሃያ ዓመት ስጾመው የኖርኩትን..." ፍሪጁን ከፈተች። "ወይን ተርፏል?"

"አይብ ነክቶታል።"

"እንግዲያው ሌላ እንገዛለን።"

ቸርች ቀረች። እማዬ! ቸርች!

አዲስ መክተፊያ፣ የሥጋው አይደለም። አዲስ ቢላዋ። ወይን፣ በለስ፣ ኮክ፣ ቴምር፣ ለውዝ። ብስኩቱን እማዬ ጀርባውን አንብባ "ቅቤ አለበት" ብላ መለሰችው። እኔ ደረደርኩ፣ እሷ ኮኩን ላጠች። "ቴምሩን ወደዚህ ብታደርጊው" አለች። አደረግኩት። ያምራል ደግሞ፣ ምን አባቱ።

አሁን ብሌንደን ነን፣ እትዬ በር ፊት ለፊት። ጭኔ ላይ ነው የምጽፈው። እማዬ መሪውን ይዛ በሩን ብቻ ታያለች። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። መኪናዋ ቆሟል። መጋረጃው ተንቀሳቅሷል፣ አይቻለሁ! አልከፈተችም።

ይሄን ወረቀት ከደብተሬ ቀድጄ በሯ ላይ የምተወው መክተፊያ ሥር አደርገዋለሁ። ሰው ደብተሬን ሲያነብ የመጀመሪያው ነው።

እትዬ፣ እንግዲህ አንቺ ነሽ የምታነቢው። እማዬ አልናቀችሽም። ረሳች። አውቄ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። መቆጣት ከፈለግሽ እኔን ተቆጪ፣ እኔ ቁጣ እችላለሁ። አምናም በእኔ ነው የተጣላችሁት፣ ዘንድሮም በእኔ። ሰለቸኝ!

ይሄኛውን ቦርድ አይብ አልነካውም። ቢላዋውም አይብ አያውቅም። ግን ታላቅ ሰው ሳይባርከው ማንም አይጀምረውም፣ እሱንም አይቻለሁ። አንቺ ጀምሪው።

ሩፊ ነገ ንጋት ላይ ይሄዳል። አባዬ አመሻሽ ላይ ከትራክ ሥራው ሲገባ ዕቃውን ይጭናሉ። ልጁ ሻንጣውን እስካሁን አልዘጋም፣ አንቺን እየጠበቀ ነው። ለእማዬ መደወል ካስጠላሽ ለእኔ ደውይ፣ ቁጥሬ ያው ነው፣ ስፒከር ላይ አደርግሻለሁ፣ መርቂው። "ነገ" አትበይኝ፣ ነገ የለም። ዛሬ፣ እትዬ። ጀምበር ሳትጠልቅ ደውይልኝ። ሳይመሽ አልኩ!