ለውዙ ተሰብሮ ይምጣ

ጅቡቲ፣ ቡላኦስ
ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም አባ፣

እንደምን አለህልኝ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ አንተ ግን ልታሳብደኝ ነው። በስልክ ነግሬህ ነበር። «እሺ ልጄ፣ እሺ» ብለህ ወሬውን ወደ ትዳር ወሰድክብኝ። ይኸው አሁን ጻፍኩልህ። ደብዳቤን «እሺ» ብለህ አታመልጠውም።

የላክኸው ለውዝ ወደቀ። ሲመረመር ሻጋታ የሚያመጣው መርዝ ተገኘበትና ከነጆንያው ተቃጠለ። አባ፣ ይህ እኮ ተቆልቶ ሱቅ ደጃፍ የሚሸጥ ለውዝ አይደለም። ፈጭተን፣ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይት፣ ከስኳርና ከቪታሚን ጋር ለውሰን በትንንሽ ከረጢት እናሽገዋለን። የሚልሰው ምግብ አጥቶ አጥንቱ የገጠጠ ሕፃን ነው። በዚህ አገር ሙቀት ያለ ፍሪጅ ዓመት እንዲቆይ ስንት መከራ አየን መሰለህ። ዘይቱ ከላይ እየተንሳፈፈ ሲያበግነን ከርሞ፣ ለሱ መላ ስናገኝ ያንተ ውኃ መጣብን።

አዎ፣ ውኃ። የጭነት መኪናው ሾፌር ካሣ ሁሉንም ነገረኝ። እሱን አትቆጣው፣ አፋጥጬው ነው። «አባትሽ ፍሬው እንዳይሰበር ከነቅርፊቱ ውኃ ይረጩበትና ይፈለፍሉታል» አለኝ። «የሙሰዲቅ ለውዝ ተሰባብሮ ልጁ ዘንድ አይሄድም» ብለሃል አሉ። ቆይ እስቲ፣ እኔ እኮ ልፈጨው ነው። እንደ ሙሽራ አምሮ መጥቶ የሚገባው ወፍጮ ውስጥ ነው፤ ማን ሊያየው? እርጥቡን ጆንያ ጥርቅም አድርገህ አስረህ፣ መኪናው ደወሌ ኬላ ፀሐይ ላይ ተገትሮ ሰንብቶ፣ እንዴት አይሻግት?

አለቃዬ ሳቢት፣ ባለፈው ድሬ መጥቶ ቤታችን ምሳ የበላው፣ ለውዙን ከባሕር ማዶ እናስመጣ ይለኛል። «የባቢሌን ለውዝ የሚያህል የለም፤ አባቴ ደግሞ ያደገበት ነው» ብዬ ተሟገትኩት። ስለምነው አንድ ጭነት ብቻ ጨመረልኝ። እሱም ከወደቀ ያንተ ለውዝ ዳግመኛ እዚህ በር አይገባም። እኔም ስላንተ አፌን ሞልቼ የምናገርበት ፊት አይኖረኝም።

እንግዲህ ስማኝ። ውኃ የሚባል ነገር እንዳይነካው። ከነቅርፊቱ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ ስታነቃንቀው ሲንኳኳ ያኔ ፈልፍለው። ከተሰበረ ይሰበር። ሰው የሚታዘብህ እንደሆነ «ልጄ ናት ያለችው» በል።

ሌላም አለ። ጆንያውን ስፈታው የጠቆሩት፣ አረንጓዴ ሻጋታ የለበሱት ፍሬዎች የተቀመጡት ከላይ ነው። ከላይ፣ አባ። አንተ እኮ ከሰው ጆንያ ውስጥ አንዲት የነቀዘች ፍሬ ከሱቅህ በር ሆነህ የምትለይ ሰው ነህ። ካሣን ደግሞ «ራሴ አንድ በአንድ ለቀምኩት፣ ማንም እጁን አላስገባበትም» ብለኸዋል። ይህን ሲነግረኝ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ።

ስለዚህ የአሁኑን ለቀማ ፋጤ ታግዝህ። እህቴ ቀኑን ሙሉ ስልክ ከምትጎረጉር ይሻላታል። አንተ አቃተህ ማለቴ አይደለም። ካሣም ጋቢናው ውስጥ ቦታ አለው፤ ከጭነቱ ጋር አብረህ ና። ወፍጮውን እንድታየው ብዬ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። እዚህ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚሉት ሰፈር አጠገብ አንድ ጥሩ የዓይን ሐኪም አለ፤ እኔ መነጽሬን ላስቀይር ስለምሄድ እግረ መንገዳችንን አብረን ብቅ እንላለን። አሁን «ሱቁን ለማን ጥዬ» እንዳትለኝ። ከተማው በሙሉ የሚያምንህ ሰው ሱቅህን የሚጠብቅልህ ጎረቤት አታጣም።

አላህ ጤናህን ይጠብቅልኝ፣ እኔን ከመቆጣትም አያሳርፍህ። ዱዓህ አይለየኝ።

ልጅህ
ሀያ

ፊደሉ እንዲህ የገዘፈው እስክሪብቶው ወፍራም ሆኖብኝ ነው። ወረቀት አባከንሽ ብለህ ደግሞ እንዳትቆጣኝ።