ያንተን ሹራብ የለበሰው ሰውዬ

ልጄ፣ የዓይኔ ብርሃን፣ ባለህበት ሰላምህ ይብዛ፤ ክፉ አይንካህ። እኛ ደህና ነን። አባትህ ጉልበቱን ያመዋል፤ ለወሬ ሲሆን ግን ይሮጣል።

ሹራቡ አልደረሰኝም ያልከው እውነትህን ነው። ፖስታ ቤት «ክፍቱን ተይው፣ ፈትሼ እኔው አሽገዋለሁ» ያለኝ ሰውዬ ለብሶት አገኘሁት! የእጄን ሥራ መቼ አጣዋለሁ? ደሜ ቢፈላም ጥርሴን ነክሼ «እንዴት አምሮብሃል ልጄ» አልኩት።

«ሚስቴ ናት የሠራችልኝ፣ እማማ» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

እኔ ደግሞ ሹራብ የምሠራው ከአንገት ጀምሬ ነው፤ መጨረሻ የምቋጥረው ታች ነው። ጀርባውን ሰጥቶኝ ልልክልህ ያመጣሁትን ካልሲ ሲመዝን ቋጠሮዬን ፈታሁና ክሩን ከባንኮኒው ብረት ጋር አሰርኩት። ወዲያው አለቃው ጠራው። ሹራቡ ከታች እየተተረተረ፣ እፊቱ ሲደርስ እምብርቱ ወጥቶ ነበር! ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ክሬን እየጠቀለልኩ «ሚስትህን ቋጠሮ አጥብቂ በላት» አልኩት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

የቀረውንም አስወልቄ ተርትሬ፣ ያንኑ ክር አጥቤ እንደገና እየሠራሁልህ ነው፤ አለቃው ፊት አሽጌ እልከዋለሁ። አምላክ የሌባን እጅ ካንተ ያርቅልኝ። ሲደርስህ ለብሰህ ፎቶ ላክልኝ፣ አደራ። ወስጄ ባንኮኒው ላይ እለጥፍለታለሁ።

እናትህ