ከደሴ ወደ ደሴ

ጳጉሜ 2 ቀን 1975፣ ረቡዕ

ማንም አይስማኝ… ዛሬ ከብስክሌት ወደቅሁ። ሜዳው መሐል! ቀሚሴን ሰንሰለቱ ነክሶ አልለቅ ሲል ጎንበስ ብለው የፈቱልኝ የዕድራችን ዳኛ አቶ ወልደ ሚካኤል ናቸው። «አይዞሽ ልጄ፣ ምንም አላየሁም።» አይተዋል እንጂ!

ይኼ ሁሉ ለእንድሪስ ነው። አሰብ ወደብ ሥራ ከገባ ወዲህ የማያወራው የለም። «ለእንቁጣጣሽ ነይ። ዓሣ እንበላለን፣ ባሕሩ ዳር ብስክሌት እንነዳለን፣ በጀልባ ከደሴት ደሴት እንዞራለን።» መስከረም 3 መርከብ ተሳፍሮ ለትምህርት ውጭ አገር ይሄዳል። ከዚያ በፊት መልሴን ይፈልጋል። ታገቢኛለሽ ካለኝ ዓመት አልፎታል፤ እኔ «ይታሰብበታል» እንዳልኩ ነኝ። በየወሩ መጽሔት ላይ «ፍቅር ድፍረት ይወዳል» እያልኩ የሰው ልጅ የምመክር ሴትዮ!

ባሕሩ ላይ እነግረዋለሁ። ምን ብዬ? እንጃ…

ጳጉሜ 4፣ ዓርብ

የይለፍ ወረቀት ተገኘ! የቀበሌያችን ታይፒስት ወርቅነሽ ጥፍሯን ቀይ ተቀብታ… ለማን ይሆን? «የት ነው የምትሄጂው?» አለች። «አሰብ፣ ደሴት ላይ» አልኳት፤ ቅጹ ላይ ግን «ወደ ደሴት» ብቻ ብዬ ሞላሁ። ማኅተሙን አየሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ማን ያነባል በደስታ ጊዜ?

ጳጉሜ 5፣ ቅዳሜ፣ ኮምቦልቻ

አለቀልኝ።

ኬላው ላይ ጠባቂው ሞላ ወረቀቴን ደጋግሞ አነበበና ሳቀ።

«እህቴ፣ ከየት ነሽ?»

«ከደሴ።»

«ወዴት?»

«ወደ ደሴት።»

«ወረቀቱ 'ከደሴ ወደ ደሴ' ነው የሚለው። ታዲያ ኮምቦልቻ ምን ትሠሪያለሽ?»

ወርቅነሽ! «ት»ዋን ስህተት መስሏት አርማልኛለች! አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ። የኬላው ኃላፊ ወረቀቴን ኪሳቸው ከተው ለበዓል አገራቸው ቢስቲማ ወጡ። ያለ ወረቀት ወደ ታች የለ፣ ወደ ላይ የለ። መንገዱን ከሚዘጋው የኬላ ገመድ ሥር ቤት ያላቸው እትዬ ዘይቱና ዘንድ አደርኩ። «ዓሣ አማረሽ? አብሽሪ ልጄ፣ የበቆሎ እሸት ብዪ» አሉኝ። በላሁ። እያለቀስኩ አምስት ራስ በላሁ።

ጳጉሜ 6፣ እሑድ

ሞላ አዘነልኝ መሰለኝ ብስክሌቱን አዋሰኝ። «ከገመዱ እንዳታልፊ ብቻ።» ከገመዱ እስከ እትዬ ዘይቱና በር… ከበሩ እስከ ገመዱ… ወዲያ ወዲህ። ኮምቦልቻ ሜዳ ናት፣ አልወደቅሁም! ግን እየነዱ መታሰር እንዲህ ነው ለካ። የቦርከና ወንዝ እንኳ ሞልቶ እየጮኸ ያልፋል፤ ማንም ወረቀት አይጠይቀውም።

ከሰዓት በሺር ወደ አሰብ ሊወርድ መጣ፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ እንድሪስን ያውቀዋል። ሞተሩን አላጠፋም።

«ቶሎ በይ፣ ምን ልበለው?»

ስንት ገጽ የምጽፍ ሴት አንድ ቃል ብቻ ወጣኝ። «እሺ በለው» አልኩ።

«እሺ ብቻ?»

«እሺ ብቻ።»

ሞላ ጠመንጃውን አስተካክሎ መጣ። «ቆይ! ምን ማለት ነው 'እሺ'? የምስጢር ቃል ነው?»

በሺር ፊቱ አመድ መሰለ። በዚህ ዘመን ሰው ለስንት ትንሽ ነገር ነው እስር ቤት የሚገባው! ለፍተሻ የተሰለፈው መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አየን።

«ላገባው ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እሺ አገባሃለሁ ማለት ነው!»

እትዬ ዘይቱና ከበራቸው ሆነው እልል አሉ። «ወላሂ፣ ይኼን ለመናገር ኬላ አስፈለገሽ?»

ሞላ ገመዱን አወረደ። ለበሺር። ለእኔ አይደለም።

መስከረም 1፣ ሰኞ

ዝናብ። እዚያው ነኝ። እንቁጣጣሽ…

መስከረም 3፣ ረቡዕ፣ ደሴ

ኃላፊው ትናንት ማታ ተመለሱ። ወረቀቱን አነበቡ፣ እኔን አዩ። «ምንም ስህተት የለበትም። ወደ ደሴ ነው የሚለው፤ ሂጂ።»

ወርቅነሽ ስታየኝ «እንዴት ነበር አሰብ?» አለች። ምን ልበላት? ጥፍሯ አሁንም ቀይ ነው። «ደሴ ስፍራው ላይ ነው» አልኳት።

መርከቡ ዛሬ ይነሣል። እስካሁን ተነሥቶ ይሆናል። በሺር ደርሶለት ይሆን? ወይስ ሌላ ኬላ ላይ እሱም «እሺ» ማለት ምንድን ነው ተብሎ…? ሰልፈኛው ሁሉ ሰማኝ፤ እንድሪስ ብቻ ሳይሰማኝ ሄዶ ይሆን?

ማታ የአቶ ወልደ ሚካኤልን ደጅ በብስክሌት አለፍኩ። ሆን ብዬ። ባርኔጣቸውን አነሱልኝ።

ነገ ጧት ኮምቦልቻ ወርጄ ገመዱ ሥር እቆማለሁ፤ በሺር በዚያው ነው የሚመለሰው። ለኮምቦልቻ ወረቀት አወጣሁ፣ ዛሬ ፊደል በፊደል አንብቤዋለሁ። ይዞት የሚመጣው ቃል አንድ ፊደልም ይሁን፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እዚሁ አሰፍራለሁ።