ከፊት የሚዘጋ ልብስ

ጥር 9 ቀን

ይድረስ ለዓሣዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን እያመማት ደረጃውን ትመላለስበታለች፤ ተይ ብላት አትሰማም። ግትርነቱን ከማን እንደወረስሽ ይኸው ታየ። እኔም የጠላቂዎችን ልብስ መጠገኔን አልተውኩም። ቤቱ ሙጫ ሙጫ ሸተተ እያለች ትነዘንዘኛለች።

ባለፈው ስትደውዪ፣ «አባዬ፣ እርጥብ የሚባለውን የመጥለቂያ ልብስ ልግዛ እንዴ? ብቻዬን ቶሎ እለብሰዋለሁ» አልሽኝ። እናትሽ አጠገቤ ስለነበረች «ላስብበት» ብዬ አለፍኩት። መልሴ ይኸው፦ አይሆንሽም። እርጥቡ ልብስ ጥቂት ውሃ ያስገባል፤ ገላሽ ያንን ውሃ ያሞቀዋል፣ እሱም መልሶ ያሞቅሻል። ለብ ላለ ባሕር ደግ ነው። አንቺ ግን እዚያ ብርድ አገር፣ ዳሩ በረዶ በሚይዝ ውሃ ውስጥ የግድብ መዝጊያ ስትፈትሺ ብዙ ትቆያለሽ። መጀመሪያ ጣትሽ ደንዝዞ መፍቻው ያመልጥሻል፤ ከዚያ ማሰብ ያቅትሻል። በእኔ ደርሶ አይቼዋለሁ። ደረቁ ልብስ ጠብታ አያስገባም፤ ከሥሩ ሹራብሽን ደራርበሽ ትገቢያለሽ። እርግጥ ጆንያ ውስጥ የገባሽ ያስመስልሻል፤ ውሃ ውስጥ ማን ያይሻል?

ግን ይሄን ሁሉ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ደረቁን ለዓመታት ስትለብሺ ከበደኝ ብለሽ አታውቂም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ «ብቻዬን» ያልሽው ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። የአንቺ ልብስ ዚፑ በጀርባ ነው፤ ከትከሻ እስከ ትከሻ። ሌላ ሰው ካልዘጋው የራስሽ እጅ አይደርስበትም። የሚዘጋልሽ ደግሞ ባልሽ ነበር። በደወልሽ ቁጥር ከኋላሽ «ጋሼ፣ ሰላም ነዎት?» እያለ ይጮህ የነበረው ሰውዬ ያን ቀን ድምፁ የለም።

ምን እንደተፈጠረ አልጠይቅሽም። ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ። አንድ ደረቅ ልብስ ልኬልሻለሁ፤ ዚፑ በደረት በኩል ሰያፍ የሚወርድ፣ ራስሽ የምትዘጊው ነው። የአንገቱ ጎማ ጠባብ ሆኖ ስለሚመጣ በልክ መቆረጥ አለበት። አንገታችሁ አንድ ስለሆነ እናትሽ ላይ ለካሁት። «ልታንቀኝ ነው?» ብላ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች። ደግሞ፣ «ውሃ የማያስገባ ልብስ መሥራት ከቻላችሁ፣ ልጄን ከቤት የማያስወጣ ልብስ መሥራት እንዴት አቃታችሁ?» ትለኛለች።

ዚፕ የሚዘጋልሽ ሰው አጣሁ ብለሽ አትታረቂ። መታረቅ ካለብሽ በሌላ ምክንያት ይሁን። ልብሱን ብቻሽን ልበሺው፤ ብቻሽን ግን እንዳትወርጂ። ላይ ሆኖ ገመድሽን የሚይዝ ሰው ይኑር። ባልሽም ቢሆን ግዴለም፤ ቢያኮርፍም ገመድ አይለቅም።

ለእናትሽ ምንም አልነገርኳትም። ልብሱን ስናሽግ ዚፑን አይታ፣ «ምነው ይሄ ከፊት ሆነ?» አለችኝ። «አዲሱ እንዲህ ነው» አልኳት። ዛሬ ጠዋት ስነሳ የድሮ ክፍልሽን መስኮት ከፍታ፣ አልጋሽን ስታነጥፍ አገኘኋት።

የወረድሽበት ውሃ ሁሌም በደህና ይመልስሽ።

አባትሽ